ቅጽሩና እንግዳው፦ የበጌምድር ደጋ፣ የተቀደሰው ስፍራና የ2011 ዓ.ም. የጉብኝት ውዝግብ

በ2011 ዓ.ም. ግንቦት ማብቂያ ላይ አንድ የጉብኝት ማስታወቂያ አገር አነጋገረ። ቶቶ ቱርስ የሚባል፣ መቀመጫው አሜሪካ ቺካጎ የሆነና ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ መንገደኞችን በቡድን የሚያስጎበኝ ድርጅት፣ በመጪው ጥቅምት ደንበኞቹን ወደ ኢትዮጵያ ለማምጣት ማቀዱን አስታውቆ ነበር። በጉዞው ዝርዝር ውስጥ ባሕር ዳርና የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ነበሩበት። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ማኅበራትን ያሰባሰበ ኅብረት አዲስ አበባ ላይ መግለጫ ሰጥቶ መንግሥት ጉዞውን እንዲያስቆም ጠየቀ። የሃይማኖት ተቋማት ተወካዮችም ተቃውሟቸውን አሰሙ። አስጎብኚው በበኩሉ በማኅበራዊ ሚዲያ ስድብና ዛቻ እንደወረደበት፣ ተጓዦቹም ክፉ ሐሳብ እንደሌላቸው ተናገረ።

ክርክሩ የተካሄደው በሁለት ጩኸት መካከል ነበር። አንደኛው ወገን ቅድስና ሊደፈር ነው አለ፤ ሌላኛው መብት ተነካ አለ። አገሩ ራሱ ለዘመናት ባዕድን በተቀደሰ ስፍራ እንዴት ሲቀበል እንደኖረ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። ጥያቄው መልስ አለው። መልሱን ለመፈለግም ከደብረ ታቦርና ከዙሪያዋ የተሻለ ቦታ ማግኘት ይከብዳል። ከባሕር ዳር ወይም ከጎንደር ተነሥቶ በመኪና ላሊበላ የሚሄድ ጎብኚ በወረታ ታጥፎ ሽቅብ ይወጣል፤ ደብረ ታቦርን አልፎ፣ የጉናን ተራራ ታክኮ፣ በጋይንት በኩል ጋሸና ይደርሳል። መንገዱ በደርግ ዘመን በቻይናውያን የተሠራው የወረታ - ወልድያ መንገድ ነው። አብዛኛው ጎብኚ ከመኪናው መስኮት አይቶት የሚያልፈው ይህ ደጋ፣ እንግዳን የመቀበልም የመጠርጠርም ረጅም ታሪክ አለው።

የመጀመሪያዎቹ መንገደኞች

የዚህ አገር ነባር መንገደኞች ካሜራ ያነገቡ አልነበሩም። ደበሎ የለበሱ፣ አኩፋዳ ያነገቱ የቆሎ ተማሪዎች ነበሩ። በጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ዙር አባም የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ ነው። ከትግራይ፣ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋ የተነሣ ተማሪ ዓመታት ተምሮ የሊቅነቱን ማረጋገጫ ለማግኘት እነዚህን ሁለት ስፍራዎች መርገጥ ነበረበት። ደብረ ታቦር ኢየሱስም የአቋቋም ሊቃውንት መናኸሪያ ነበር። የፎገራ ናበጋ ጊዮርጊስ ተወላጁ አለቃ ገብረ ሐና የደረሱት የተክሌ አቋቋም ጎንደር ላይ ተቀባይነት ሲያጣ፣ በልጃቸው በተክሌ በኩል ደብረ ታቦር ላይ እንደተተከለ በሊቃውንቱ ዘንድ ይነገራል።

ያ ሁሉ ተማሪ የኖረው በገበሬው እጅ ነው። ደጃፍ ላይ ቆሞ በእመቤታችን ስም ይለምናል፤ ውሻ እየተከላከለ ቁራሽ እንጀራ ይቀበላል። የሰጠችው እናት የማን ልጅ እንደሆነ፣ ምን ኃጢአት ሠርቶ እንደመጣ አትጠይቀውም። ለመሸበት መንገደኛም ሥርዓቱ ይኸው ነበር። «የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ብሎ ደጅ የቆመ ሰው እግሩ ይታጠባል፣ ያለው ይቀርብለታል፣ ሌሊቱን ጉዳት ቢደርስበት ደግሞ ውርደቱ የአሳዳሪው ነው።

የተቀደሰው ስፍራም የራሱ ሥርዓት ነበረው። ቤተ ክርስቲያናችን ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ተብላ ትከፈላለች፤ ከዚያ ውጪ ደግሞ ሰፊው ቅጽር አለ። እያንዳንዱ ክፍል የሚገባበት ሰው፣ የሚገባበት ጊዜና የሚገባበት ሁኔታ ተለይቶ የታወቀ ነው። መቅደሱ የካህናት ነው። ከመጋረጃው ፊት የደብረ ታቦሩ ባላገርና ከባሕር ማዶ የመጣው ባለጠጋ እኩል ናቸው፤ ሁለቱም አያልፉም። ጫማ ለሁሉም ይወልቃል። ወንዱ በወንዶች በር፣ ሴቷ በሴቶች በር ይገባሉ። በጣና ላይ ደግሞ እንደ ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ባሉ ገዳማት ሴት ከነጭራሹ አትገባም፤ ንግሥትም ብትሆን አትገባም።

ከዚህ ሥርዓት ውስጥ አንዱ ክፍል ለዛሬው ክርክር ትልቅ ትርጉም አለው። ከባለቤቱ ጋር ያደረ ሰው፣ በወር አበባ ላይ ያለች ሴት፣ የአራስነት ቀኗን ያልጨረሰች እናት፣ ራሱን ንጹሕ አይደለሁም ብሎ ያመነ ማንኛውም ምእመን ወደ ውስጥ አይገባም። ቅጽሩ ውስጥ ወይም ከደጀ ሰላሙ ቆሞ ያስቀድሳል፤ በሩን ተሳልሞ ይመለሳል። ይህን ሁሉ የሚቆጣጠር ግን ማነው? በር ላይ ቆሞ «ትናንት ማታ ምን አደረግህ?» የሚል ዘበኛ ኖሮ አያውቅም። ጉዳዩ የሰውዬው፣ የንስሐ አባቱና የአምላኩ ነው። ቤተ ክርስቲያን ኃጢአትን ኃጢአት ትላለች፤ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትንም ኃጢአት ነው ብላ ታስተምራለች። በደጃፏ ላይ ግን የምትጠብቀው ጠባይን ነው። የልብ ምርመራውን ለኅሊናና ለንስሐ ትታዋለች።

ከዚህም አልፎ ቅጽሩ መጠጊያ ነበር። በጎንደር የእጨጌው ሰፈር የታወቀ የጥገኝነት ስፍራ ነው። ከንጉሥ የሸሸ ባላባትም ሆነ ደም ያለበት ሰው ከዚያ ገብቶ ከተማጸነ በኃይል አይጎተትም ነበር። ይህ ሕግ ብዙ ጊዜ ተጥሷል፤ በተጣሰ ቁጥር ግን እንደ ነውር ተቆጥሯል። የተቀደሰ ስፍራ ክብሩ ደም የማይፈስበት መሆኑ ነው የሚለው እምነት ከጥሰቱ በላይ ረጅም ዕድሜ ኖሯል።

ከባሕር ማዶ የመጡት

ከአውሮፓ መጥተው አገራችንን በዝርዝር ከጻፉት ቀዳሚው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። በ1512 ዓ.ም. ከመልእክተኞች ጋር ገብቶ ስድስት ዓመት ያህል ቆየ። ላሊበላን አይቶ የጻፈው መግለጫ ለአውሮፓ የመጀመሪያው ነው፤ አንባቢ ውሸት ይለኛል ብሎ ስለ ሠጋም እውነት መሆኑን በመሐላ አረጋግጧል። አልቫሬዝ የሌላ ሥርዓት ካህን ነበር። ሆኖም ከካህናቱ ጋር ተወያየ፣ ጠየቀ፣ ተጠየቀ፣ በሰላምም ወጣ።

በሚቀጥለው መቶ ዓመት የመጡት ኢየሱሳውያን ግን ሌላ ታሪክ ጥለው ሄዱ። ከጣና ዳር ከጎርጎራ ተነሥተው የንጉሡን ልብ ያዙ። ዐፄ ሱስንዮስ በ1614 ዓ.ም. የካቶሊክ እምነትን በይፋ ተቀበሉ። የጥንቱ ሥርዓት እንዲለወጥ ሲታዘዝ ካህኑም ገበሬውም ተነሣ፤ የላስታ ሰዎች ሸፈቱ፣ ደም ፈሰሰ። በ1624 ዓ.ም. ከወይና ደጋው ጦርነት በኋላ ንጉሡ የአባቶች ሃይማኖት እንዲመለስ አውጀው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ሚሲዮናውያኑም ተባረሩ። የበጌምድርና የጎንደር ሰው «ፈረንጅ የመጣው ሃይማኖቴን ሊለውጥ ይሆናል» ብሎ መጠርጠሩ ከባዶ የመጣ አይደለም። ያንን ጥርጣሬ የጻፈው የራሱ ደም ነው።

ከመቶ ሠላሳ ዓመት በኋላ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ጎንደር ሲገባ ጥርጣሬው አልጠፋም ነበር። ቢሆንም ተቀባይነት አግኝቶ በቤተ መንግሥቱ ኖረ። በጥቅምት 1763 ዓ.ም. ግሽ ዓባይ ሲደርስ የአገሩ ሰዎች አንድ ነገር አሳሰቡት፤ ወደ ምንጩ የሚወርድ ሁሉ ጫማውን ያወልቃል። ብሩስም አወለቀና ወረደ። እዚያ የተጠየቀው ባዶ እግሩን ነው። እርሱም ሲመለስ አውሮፓ አጥታው የነበረውን የመጽሐፈ ሄኖክን ቅጂዎች ይዞ ሄደ።

ደብረ ታቦርና ጋፋት

ደብረ ታቦርን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ የቆረቆሯት የየጁው ራስ ጉግሣ ናቸው። ነሐሴ 13 ቀን የሚከበረው በዓል ስሙን ለከተማዋ ሰጥቷል። በሰኔ 1845 ዓ.ም. ካሣ ኃይሉ ራስ ዓሊን አይሻል ላይ ድል ነሥተው፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ሲነግሡ ደብረ ታቦር ዋና መቀመጫቸው ሆነች። ከከተማዋ አጠገብ ባለው በጋፋት ደግሞ ከስዊዘርላንዱ የቅዱስ ክሪሾና ሚሲዮን የመጡ እነ ቫልድማየር፣ ዛልሙለርና ቤንደር ሰፈሩ። የመጡት ለስብከት ነበር። ንጉሡ ግን መድፍ ሥሩልኝ አሏቸው፤ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ጋፋት ላይ አቅልጠው ሠሩ። ቫልድማየር የንጉሡ ወዳጅ የነበረውን የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ልጅ አግብቶ በዚሁ ደጋ ቤት ሠራ። አስተናጋጁ ለእንግዳው ሥራ ሰጠው፣ ቤት ሰጠው፣ ወሰንም አበጀለት።

ይኸው ዘመን የመስተንግዶው ሥርዓት ሲፈርስ ምን እንደሚከተልም አሳይቷል። ሚሲዮናዊው ሄንሪ ስተርን ንጉሡን የሚያዋርድ ነገር በመጽሐፉ ጽፎ ነበር። ንጉሡ ለንግሥት ቪክቶሪያ ለጻፉት ደብዳቤ የሚጠበቀው መልስም ሳይመጣ ቀረ። በ1856 ዓ.ም. ስተርንና የእንግሊዙ ቆንስል ካሜሮን በሰንሰለት ታሰሩ። እንግዳው ክብር ነሣ፤ አስተናጋጁ ደግሞ እንግዳን አሰረ። ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አቃጥለው የአብያተ ክርስቲያናቱን ንዋየ ቅድሳት ሰበሰቡ። በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ደግሞ ደብረ ታቦርን ራሷን አቃጥለው፣ ሴባስቶፖልን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ተጓዙ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ያዘ። ከዚያ የተዘረፈውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች አስፈለጉ። ከተዘረፈው ውስጥ 11 ታቦታት ዛሬም በለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየም ተከድነው ተቀምጠዋል። ሙዚየሙ ለጎብኚ አያሳያቸውም፤ የራሱ ሠራተኞችም እንዲያዩአቸው አይፈቅድም። ዘራፊው የወሰደውን ንዋይ እንኳ የባለቤቱ ሕግ ተከትሎት ሄዷል።

ከኢየሱሳውያን ዘመንና ከመቅደላ የተረፈው ቁስል የ2011ዱን ቁጣ ለመረዳት ያስፈልጋል። የተቃወመውን ካህንና ምእመን ጥላቻ ብቻ የነዳው ሕዝብ አድርጎ መሣል ታሪክን አለማወቅ ነው። የተቀደሰ ነገሩ በባለጠጋና በባለ ጉልበት ባዕድ ሲወሰድበት፣ ሥርዓቱ ሲናቅበት የኖረ ሕዝብ፣ ስለ ደጃፉ ሳይጠየቅ በውጭ አገር የተዘጋጀ የጉዞ ዝርዝር ሲያይ ቢቆጣ አያስደንቅም።

ያም ሆኖ ቂም የያዘ አስተናጋጅም እንግዳን በሰላም የመሸኘት ግዴታ አለበት። በጥቅምት 1872 ዓ.ም. ቻርለስ ጎርደን የግብፅ መልእክተኛ ሆኖ ደብረ ታቦር ዐፄ ዮሐንስ ዘንድ መጣ። ጉንደትና ጉራ ላይ ከግብፅ ጦር ጋር የተደረገው ውጊያ ገና ትኩስ ነበር። ንግግሩ ሳይሰምር ቀረ፤ ንጉሡ መልእክተኛውን አልወደዱትም። ጎርደን ግን በሕይወቱ ወጣ። እኚሁ ንጉሥ በቦሩ ሜዳው ጉባኤ ማግሥት ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ያስገደዱ መሆናቸውን ደግሞ መሸፈን አይገባም። ያለፈው ዘመናችን የመቻቻል ዜማ ብቻ የሚሰማበት አልነበረም። ከዚህ ሁሉ መካከል ልንኮራበት የሚገባውን ለይቶ ማውጣት የእኛ ፋንታ ነው።

ጉብኝት ንግድ ሲሆን

በ1940ዎቹ ማብቂያ ቶማስ ፓከንሃም የሚባል ወጣት እንግሊዛዊ፣ የነገሥታት ልጆች ይታሰሩበት የነበረውን ተራራ ሲያፈላልግ ጋይንት ደረሰ። ቤተ ልሔም ላይ ከውጭ ሲያዩት ክብ የሣር ክዳን ቤተ ክርስቲያን ወደሚመስለው ሕንጻ ገባ። በውስጡ በመካከለኛው ዘመን የታነጸ፣ በሥዕል ያጌጠ፣ ባለ አራት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን ተሸፍኖ ቆሞ አገኘ። ለውጭው ዓለም ግኝት ሆነ፤ ለድጓ መምህራኑና ለተማሪዎቻቸው ግን በየቀኑ የሚያዜሙበት ቤት ነበር። ካህናቱ በራቸውን ባይከፍቱለት ኖሮ ዓለም አያውቀውም ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጉብኝት የመንግሥት ሥራ ሆነ። ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የቱሪዝም ድርጅትን አቋቁመው «የ13 ወር ጸጋ» የሚለውን መፈክር ለዓለም አስተዋወቁ። ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ አክሱምና ላሊበላ የታሪካዊው መስመር ዕንቁዎች ተባሉ። ላሊበላ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ስፍራዎች አንዷ ሆነች። ከዚያ ወዲህ ስፍራው ሁለት ባሕርያትን ተሸክሟል። ለምእመኑ ጸሎት የሚደርስበት ቤት ነው፤ ለጎብኚው ትኬት የተቆረጠበት ቅርስ ነው። ገንዘቡ አስጎብኚውን፣ ሆቴሉን፣ በቅሎ አከራዩን፣ ደብሩንም ይደጉማል። ሽያጩ ሲጀመር ግን የገዢው ማንነት አይመረጥም። ሙስሊሙ፣ ሂንዱው፣ እምነት የለሹ፣ ሳይጋባ አብሮ የሚኖረው ጥንድ ሁሉ ለአሠርት ዓመታት ገብቶ አይቶ ወጥቷል። ከእነርሱ መካከል ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች እንዳሉ ማንም ሊጠራጠር አይችልም። ሥርዓቱን ጠብቀው ገቡ፣ ጠብቀው ወጡ፤ የጠየቃቸውም የለም።

ታዲያ በ2011 ምን ተለወጠ? የቡድኑ መጠሪያ ነው የተለወጠው። እንዲህ ያለው የቡድን ጉዞ በምዕራቡ ዓለም የራሱ ታሪክ አለው። ሃንስ ኤበንስተን በ1970ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሲጀምረው፣ ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ መንገደኞች በሆቴልና በአውቶቡስ ከሚደርስባቸው ንቀት ተጠብቀው አብረው የሚጓዙበት መንገድ ነበር። ቶቶ ቱርስም በ1990 እ.ኤ.አ. በዚሁ መንፈስ ተመሠረተ። ለተጓዡ መጠሪያው የደኅንነት ዋስትና ነው። ከላሊበላ ካህን ጆሮ ሲደርስ ግን የአዋጅ ድምፅ ነበረው። እዚያ የግል የሆነው ነገር እዚህ በቅጽሩ ላይ ሊሰቀል የመጣ ዓላማ ሆኖ ታየ። አስጎብኚው የሚወስዳቸውን ሰዎች ብቻ ሳይሆን የሚሄድበትንም ሕዝብ የማጥናት ግዴታ ነበረበት። አማኙን ማናገር፣ የስፍራውን ሕግ ማወቅ፣ እንደምናከብር እወቁልን ማለት ይገባው ነበር። በብዙ ገንዘብ የተገዛ የቅንጦት ጉዞ ይህን ድካም አያስቀርም።

ሌሎች አገሮች ምን አደረጉ?

እ.ኤ.አ. በ2000 በመቶ የሚቆጠሩ ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ መንገደኞችን የያዘች መርከብ በቱርክ የኩሻዳሲ ወደብ ቆመች። መንገደኞቹ የጥንቷን ኤፌሶን ሊያዩ ሲሉ ፖሊስ መለሳቸው። የአገሪቱ የቱሪዝም ሚኒስትር ግን ድርጊቱን አውግዘው ይቅርታ ጠየቁ። ቱርክ በጉዳዩ ላይ ያላት ባህል በአንድ ሌሊት አልተለወጠም፤ እንግዳን ከደጅ መመለስ ለአገር ክብር እንደማይበጅ ግን አዩ።

ከዚህ በተቃራኒ የአውስትራሊያው ኡሉሩ አለ። ታላቁን ቀይ ዐለት የአናንጉ ሕዝብ እንደ ቅዱስ ስፍራ ያየዋል። ጎብኚዎች ለዓመታት እየወጡበት ባለቤቶቹ ሲያዝኑ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 26 ቀን 2019 መውጣት ለማንም ተከለከለ። ወቅቱ ቶቶ ቱርስ ኢትዮጵያ ሊገባ ካቀደበት ጋር አንድ ነበር። ክልከላው ዘርን፣ እምነትን፣ የግል ሕይወትን አይለይም። አውስትራሊያዊውም፣ ጃፓናዊውም፣ ባለትዳሩም፣ ወንደላጤውም አይወጡም። የቅድስና ጥበቃ ከፍትሕ ጋር ሊስማማ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማሳያ አላውቅም።

ኢየሩሳሌም ደግሞ የከፋውን ታሳያለች። የሦስቱ ሃይማኖቶች መሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 በከተማዋ ሊካሄድ የታሰበውን ዓለም አቀፍ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ሰልፍ በአንድነት ተቃወሙ። ተቃውሞ መብታቸው ነበር። በሐምሌ 2015 እ.ኤ.አ. ግን አንድ አክራሪ በዚያው ከተማ በተደረገ ሰልፍ ላይ ቢላዋ መዝዞ የ16 ዓመት ልጃገረድ ገደለ። የዛቻ ቃል በዝምታ ሲታለፍ ቢላዋ የሚያነሣ ሰው ከአንድ ቦታ አይጠፋም።

ኢየሩሳሌም ለእኛ ሌላም ትምህርት አላት። እዚያ እንግዶቹ እኛ ነን። መነኮሳታችን በዴር ሡልጣን፣ በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ፣ በጠባብ ጎጆዎች ለዘመናት ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1838 ወረርሽኝ አብዛኞቹን ሲፈጅ ቤተ መጻሕፍታቸውም ተቃጠለ። ከግብፃውያን ጋር ያለው የይዞታ ክርክር እስከ ዛሬ አልተቋጨም። የሌላ ሰው ቁልፍ በሚዘጋው በር ላይ ቆሞ መጠበቅን፣ እንደ እንግዳ መናቅን፣ መብትን ለማግኘት መማጸንን የሚያውቅ ሕዝብ ነን። ለራሳችን የምንጠይቀውን ደኅንነት ለሌላው እንንሣ ብንል የመነኮሳቱን ትዕግሥት ማስረዳት ይከብደናል።

ሕጉና እዚሁ የተወለዱት ልጆች

በሕጋችን የተመሳሳይ ጾታ የግብረ ሥጋ ግንኙነት ወንጀል ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 600 ከልክሎት ነበር፤ ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 629 በእስራት ያስቀጣል። የሕዝቡም ስሜት የታወቀ ነው፤ ፒው የተባለው የጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2007 ባደረገው መጠይቅ 97 በመቶ የሚሆኑ ኢትዮጵያውያን ማኅበረሰቡ ሊቀበለው አይገባም ብለዋል። ይህን ሳይናገሩ ስለ ጉዳዩ መጻፍ አይቻልም። ሕጉ ራሱ ግን የሚቀጣው ድርጊትን ነው። ቤተ ክርስቲያን ማየትን፣ ታሪክ ማድመጥን፣ ጫማ አውልቆ ቅኔ ማኅሌት መቆምን ወንጀል አያደርግም። ሰውን ማስፈራራትና መደብደብ ደግሞ በዚሁ መጽሐፍ ወንጀል ነው፤ ተጎጂው ማንም ይሁን።

በ2011ዱ ጩኸት ውስጥ ስማቸው ያልተነሣ ሌሎች ሰዎችም አሉ። አሜሪካዊው መንገደኛ ኢትዮጵያ ካልሆነች ግብፅ ወይም ጆርዳን ይሄዳል። ፋርጣ ወይም ጋይንት ተወልዶ፣ በደብረ ታቦር ቡሄ ጅራፍ እያጮኸ አድጎ፣ ኋላ ራሱን ከሌሎች የተለየ ሆኖ ያገኘው ወጣት ግን የሚሄድበት የለውም። ከቅጽሩ ዛፍ ሥር ቆሞ ያስቀድሳል። በየመግለጫው የሚወረወረው ቃል መንገደኞቹ ጆሮ ሳይደርስ እርሱ ልብ ላይ ያርፋል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ የሰላምና ጸጥታ ቢሮ በሆቴሎችና በመዝናኛ ቤቶች ላይ እርምጃ መጀመሩን አስታውቆ ነዋሪው ጥቆማ እንዲሰጥ ሲጠይቅ ፍርሃቱ ይበልጥ ጠለቀ። ኃጢአትን ማውገዝ የሰባኪው ሥራ ነው። የጎረቤት ልጅ በሕይወቱ እንዲሠጋ ማድረግ ግን በየትኛውም የአባቶች ትምህርት ውስጥ ድጋፍ የለውም።

ደብረ ታቦር ያለችበት ደቡብ ጎንደር ራሷ የምትማርበት ምሳሌ በደጇ አላት። በፎገራ ወረዳ ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. የመሠረቱት የአውራምባ ማኅበረሰብ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የለውም፤ ወንዱና ሴቷ ሥራን እኩል ይካፈላሉ። ጎረቤቶቻቸው አልወደዷቸውም ነበር። በደርግ ዘመን ተገፍተው እስከ ቦንጋ ድረስ ተሰደዱ፤ ሲመለሱም መሬታቸው ተይዞ በጠባብ ቦታ ኑሮን ጀመሩ። ዛሬ ከአገር ውስጥም ከውጭም እንግዳ የሚጎርፍበት፣ ክልሉ የሚኮራበት መንደር ሆኗል። ጎረቤቱ የአውራምባን እምነት አልተቀበለም፤ ዛሬም አይስማማበትም። አብሮ መኖርን ግን ተማረ። አለመስማማትና አለመጉዳት ጎን ለጎን ሊቆሙ እንደሚችሉ ይህ ደጋ በዓይኑ አይቷል።

በር ላይ የሚጻፈው ሕግ

የሚመጡትን ሁሉ ያስቀረ ሌላ መዓት ደግሞ ተከትሏል። ኮሮና ጎብኚውን አስቀረ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ላሊበላን አልፎ ጋይንት ደረሰ፤ ደብረ ታቦርም የከባድ መሣሪያ ድምፅ ሰማች። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ደግሞ የአማራ ክልል በሌላ ግጭት ውስጥ ነው። አስጎብኚዎች ሌላ ሥራ ፈልገዋል፣ ሆቴሎች ባዶ ናቸው። አንድ ቀን ሰላም ሲመለስ እንግዳውም ይመለሳል፤ የ2011ዱ ጥያቄም አብሮት ይመጣል። ያን ጊዜ በስሜት ከመናወጥ ዛሬ ማሰብ ይሻላል።

የማስበውን በግልጽ ልናገር። ቅድስናው የባለቤቶቹ ነው፤ ደጃፉን የሚያዙበትም እነርሱ ናቸው። ላሊበላም ሆነ ቤተ ልሔም፣ ጣናም ሆነ ዙር አባ ሥርዓታቸውን በአማርኛና በውጭ ቋንቋዎች ጽፈው በር ላይ ይስቀሉ። ጫማ ይወልቅ፣ ራስ ይሸፈን፣ ሰውነት በነጠላ ይከናነብ፣ በቅዳሴ ሰዓት ካሜራ ይከደን። በቅጽሩ ውስጥ ባልና ሚስትም ቢሆኑ አይቃቀፉ፣ አይሳሳሙ። ማንኛውም ቡድን የየትኛውንም ዓላማ ባንዲራ፣ መፈክርና ማስታወቂያ ይዞ አይግባ። ሕጉ ለሁሉም አንድ ይሁን። አስጎብኚ ድርጅቶች ከመምጣታቸው በፊት ለደብሩ አስተዳደር አሳውቀው ይህን ሥርዓት ለመንገደኞቻቸው ያስተምሩ። ከሥርዓቱ የወጣ ይውጣ፤ የወጣበት ምክንያት ግን ያደረገው ነገር ይሁን።

ሥርዓቱን የጠበቀ እንግዳ ደግሞ ማንም ይሁን ማን በሰላም ይግባ፣ በሰላም ይውጣ። ካህኑ በጉዳዩ ላይ ያለውን ትምህርት ከመድረኩ ያስተምር፤ ዛቻ ሲሰማ ግን ከማንም ቀድሞ የሚገሥጸው እርሱ ይሁን። ፖሊስም የእንግዳውን ሕይወት እንደ አገር አደራ ይጠብቅ። ለአገሩም ልጅ፣ በቅጽሩ ጥግ ለቆመው፣ ያው ዋስትና ይድረሰው።

ይህ ከውጭ የመጣ ትምህርት አይደለም። ብሩስን ጫማ ያስወለቀው፣ ጎርደንን በሕይወቱ የሸኘው፣ የእጨጌን ሰፈር መጠጊያ ያደረገው፣ የቆሎ ተማሪውን ሳይመረምር ያበላው የዚሁ ደጋ ሰው ነው። ቅድስናን አጥብቆ መጠበቅና የእንግዳን ደም አለመንካት በአባቶቻችን ዘንድ አንድ ግዴታ ነበሩ። አንዱን ይዘን ሌላውን ከጣልን ሥርዓታቸውን ጠበቅን ልንል አንችልም።